የሆራው ትንፋሽ

«ሌሎቹ ባይጠጡ ግዴለም፣ ጌታው። ይቺ የከበደችው ብቻ ትጠጣልኝ።» ሽማግሌው ይህን የሚሉት ለአስካሪው፣ ለጣልያን ቅጥር ወታደር ነው። ከማጀቴ አገር በኩል ሁለት ቀን ሙሉ ላማቸውን ነድተው መጥተው፣ አሁን በሽቦው አጥር ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አስካሪው አማርኛ አያውቅም፤ ቢያውቅም ለሽማግሌ የሚመልስ ዓይነት ሰው አይመስልም። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና ፊቱን ወደ ጀውሃ መንገድ አዞረ። ላሟ የሆራው ሽታ ደርሷት ሽቦውን ትልሳለች። ከኋላ የቆሙት ከብቶች ደግሞ አንገታቸውን አስግገው ያገሳሉ። ሐምዲያ በዚህ ሁሉ መካከል ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ማንንም ላለማየት መሬት መሬት እያየች አለፈች። ሽማግሌው በሩ ለእሷ እንደሚከፈት ገብቷቸው ኖሮ «ለሰው ይከፈታል አትሉኝም!» አሉ። ለማንም አልነበረም ያሉት፤ እሷ ግን ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ሆራ ለቆላ ሰው ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ከመሬት የሚፈልቅ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው። ከብት በየወሩ ካልጠጣው ይከሳል፣ ወተቱ ይነጥፋል፣ አጥንትና ድንጋይ መቆርጠም ይጀምራል። የኢፋት እስላምም የቀወት ክርስቲያንም፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ተስማምቶ፣ ሲጣላም እዚያው ታርቆ፣ ከሸዋ ሮቢት ግማሽ ሰዓት በማያስኬደው በዚህ ሆራ ስንት ዘመን አብሮ አጠጥቷል። አባት ለልጁ ላም ያወርሳል እንጂ ሆራ አያወርስም፤ የሁሉም ነዋ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ጣልያኖቹ ግን ባለቤቱን ከመናቃቸው ብዛት አጥሩን ራሳቸው አጠሩት። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ወራት አሞሌ ጨው በሦስት እጥፍ ተወደደ፤ ጨው መግዛት ያቃተው ላሙን ሸጠ።

ለምን እንደታጠረ ቢጠየቅ መልሱ ያስቃል። ሆራው ይተነፍሳል። ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል፤ ከጎኑ ባለው ጉድጓድ ዝቅ ብላ የገባች ወፍ አትወጣም፣ ኩራዝ ቢያወርዱበትም ይጠፋል። ሲኞር ቶንዲ የሚባል ቀጭን የኬሚስትሪ ሊቅ ከአገሩ መጥቶ ያንን ትንፋሽ በቱቦ ይዞ፣ ውሃ ውስጥ አስገብቶ፣ በሁለት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ኤሌክትሪክ እየሰደደ አሲድ አወጣበታለሁ አለ። አስተርጓሚው አሰፋ እንዳስረዳው ከሆነ፣ ጉንዳን ስትነክስ የምትረጨው ዓይነት አሲድ ነው፤ ቆዳ ይለፋበታል። ጣልያኖቹ ዓለም ፊቱን ስላዞረባቸው እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ መግዛት ቸግሯቸዋል። ገበያው ይህን ሰምቶ ሦስት ቀን ሳቀ። «ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣው የጉንዳን ሽንት ሊያልብ ነው!» ተባለ፤ ሞተሩና ሰሌዳው ያለበት ቤትም «ማልቢያ ቤት» ተብሎ ቀረ። ሳቁ የቆመው አጥሩ የታጠረ ዕለት ነው።

ሐምዲያ የማልቢያ ቤት ጠራጊ ናት። ወደ በሩ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት የባሏ ታላቅ ወንድም ጀይላን ከከብቶቹ መካከል ወጥቶ ክንዷን ያዘና ከግራሩ ጀርባ ወሰዳት።

«የሚሞክሩት ዛሬ ነው አሉ።»

«አዎ፣ ጋሼ ጀይላን። የሲኞር አለቃ ኮሎኔሉ በአራት ሰዓት ይመጣል።»

«ከያዘላቸው አጥሩ እስከ ወንዙ ድረስ ይሰፋል። እኛንም ከመንደራችን ያስነሡናል። አሰፋ ራሱ ነው የነገረኝ።» ዞር ብሎ አስካሪውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ጨምሪበት። ኩበት ይሁን፣ አፈር ይሁን። አንቺን ማን ይጠረጥርሻል?»

ሐምዲያ ክንዷን መነጨቀች። «ወንድምዎን ረሱት እንዴ? ኢብሮ ዛሬ በስምንት ሰዓት ከእስረኞቹ ጋር ይጫናል! ሲኞር ከቀናው ኮሎኔሉን ለምኖ ሊያስፈታልኝ ነው። በአፉ ነግሮኛል።»

«የጣልያን አፍ!»

«ሌላ ምን አፍ አለኝ?»

ስልሳ የሚሆን ከብት ከጀይላን ኋላ ያገሳል፤ ከነዚያ ውስጥ አሥራ አንዱ የእነሱ የቤተሰቡ ነው፣ የኢብሮም ድርሻ አለበት። ጀይላን በዱላው መሬቱን ሁለት ጊዜ ወጋ ወጋ አድርጎ ወደ ከብቶቹ ተመለሰ። ሐምዲያም ወደ በሩ ሄደች፤ አስካሪው ከፈተላት።

ኢብሮ ለአርበኞች ማሽላ ሸጠሃል ተብሎ ከታሰረ ሰባት ወሩ ነው። ሸጧል፤ ለምን እንዋሻለን። በነዚያ ሰባት ወራት የአንዲት ክፍሏ ቤት ዝምታ እያደር ከበደ። እናቱ እማ ሙሀባ የልጃቸውን ስም አያነሡም፤ ምራታቸው ከጣልያን ቤት ውላ ስትገባ ውሃ ያቀርቡላታል፣ እራት ያቀርቡላታል፣ እንዴት ዋልሽ ግን አይሏትም። ዛሬ ንጋት ላይ ሐምዲያ ስትነቃ አሮጊቷን ገብስ ቆልተው በሶ ሲወቅጡ አገኘቻቸው። በሶ የመንገድ ስንቅ ነው። «እማ፣ ለማን ነው?» አለች። ሙቀጫው ብቻ መለሰላት። «ዛሬ እኮ ይፈታል። ነግሬዎት የለም? ለምን ስንቅ ያሰናዱበታል? ለሚፈታ ሰው ስንቅ ሟርት ነው!» እማ ሙሀባ ዘነዘናውን አነሡና መልሰው ጣሉት፤ አነሡና ጣሉት። ሐምዲያ በሩን ከኋላዋ በኃይል ዘግታ ነበር የወጣችው፤ በአማቷ ላይ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም።

ማልቢያ ቤቱ በኖራ የተለሰነ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ ስለሆነ ገና በጠዋቱ እንደ ምድጃ ይግላል። በአንደኛው ክፍል ሞተሩ፣ በሁለተኛው ከወፍራም መስተዋት የተሠራ ገንዳ አለ። ገንዳው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሰሌዳዎች ፊት ለፊት ተንጠልጥለው ይውላሉ፤ አንዱ እርሳስ፣ አንዱ ዚንክ። ሐምዲያ ወለሉን ትጠርጋለች፣ ጠርሙሶቹን ታጥባለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ገንዳውን ነክታው አታውቅም፤ አትንኪ ያላት ኖሮ ሳይሆን ቶንዲ ራሱ ከአጠገቡ ስለማይጠፋ ነው። ትናንት ግን ገንዳውን ለእንግዳው በአዲስ ውሃ ሊሞላው ብሎ ሰሌዳዎቹን አውጥቷል። እርሳሱን መልሶ ሰቅሎታል፤ ዚንኩ ግን በጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ላይ ተኝቷል። ግራጫ፣ ደብዛዛ፣ ሻጋታ የያዘው የሚመስል ነገር ነው።

ያ ሻጋታ የመሰለው የሰውየው የአራት ወር ድካም ነበር። ሰሌዳውን ባዜቃ፣ ያን እንደ ውሃ የሚፈሰውን ብርማ ብረት፣ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ እንደገና ቀብቶ፣ ትንፋሹን ወደ አሲድ የሚለውጥለትን ስስ ቆዳ ጠብ ጠብ እያደረገ አብቅሎበታል። ያለዚያ ቆዳ ኤሌክትሪኩ ውሃውን ብቻ ያንተከትካል፣ ሌላ ምንም አይወጣም። ይህን አሰፋ በከፊል ያውቀዋል፣ ሞተር አስነሺው አያውቀውም፤ ለጠራጊ የሚነግር ደግሞ ማን አለ?

ቶንዲ በዚያ ጠዋት ትእዛዙን እየቆጠረ ሰጠና አሰፋ ተረጎመው፦ «ሁሉ ነገር ይጽዳ ይላል። ኮሎኔሉ ቆሻሻ አይወድም፤ ነገሩ ከተበላሸ በአንቺም በእሱም ይብሳል። ደግሞ ያልሽውን አልረሳሁም፣ ዛሬውኑ እጠይቅልሻለሁ ይላል።» ቶንዲ ይህን የመጨረሻውን ሲያስተረጉም ዓይን ዓይኗን እያየ ነበር፤ ሐምዲያም አመነችው። እኔም ብሆን አምነው ነበር። ከዚያ ጢሙን ሊላጭ ወደ ድንኳኑ ሄደ፤ አሰፋ እንግዳውን ሊቀበል ወደ መንገዱ ወጣ።

እሷም ሠራች። ወለሉን ሁለት ጊዜ አጠበች፣ መስኮቱን ወለወለች፣ ጠርሙሶቹን በቁመታቸው ደረደረች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰሌዳ አየችው፤ አይታም ደነገጠች። በእሷ አገር እንግዳ የሚመጣበት ቤት ከብረትና ከናስ የተሠራ ዕቃ ሁሉ በአመድና በአሸዋ ይፈተጋል፤ እንግዳ ሴቲቱን የሚመዝናት በዕቃዋ ነው። ሙሽራ ሆና እማ ሙሀባ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሰጧት ሥራ የዉዱእ ማንቆርቆሪያውን ማብራት ነበር፤ ጠቁሮ የተሰጣትን ፀሐይ አስመስላ መልሳላቸው ያኔ «ልጄ ቀናው» ብለዋታል። ታዲያ ይህን ያህል ድግስ የተደገሰለት ኮሎኔል መጥቶ እንዲህ የሻገተ ብረት ሊያይ ነው? በእሷ እጅ? ኢብሮ በሚለመንለት ቀን?

ከወጥ ቤቱ አመድ አመጣች፣ ከወንዙ ዳር አሸዋ፣ ግማሽ ሎሚም ጨመረችበት። ቢስሚላህ ብላ ጀመረችው። መጀመሪያ አልለቅ አላት፤ ጉልበቷን ስትጨምርበት እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ትናንሽ ጠብታዎች እየተንከባለሉ ወረዱ፣ እሷም ቆሻሻው ለቀቀ ብላ ደስ አላት። ጠርዙን ፈተገች፣ ማዕዘኑን ፈተገች፣ ገልብጣ ጀርባውን ፈተገች። አለቅልቃ ወደ መስኮቱ ስታነሣው አዲስ የተገዛ ቆርቆሮ ይመስል ነበር። ከሰባት ወር ወዲህ ሐምዲያ እንደዚያ ቀልሏት አያውቅም። ስለዚህች ሰዓት ኋላ ብዙ ተወርቷል፣ ብዙም ተጨምሮበታል፤ እኔ የማውቀው ግን ሴቲቱ ባሏን ልታስፈታ ዕቃ ማጠቧን ነው።

ኮሎኔሉ ከሰዓቱ ቀድሞ ደረሰ። የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ቶንዲ ግማሽ ጉንጩ በሳሙና እንደተቀባ ሮጦ ገባ፣ ፊቱን በእጀታው እየጠረገ እጁን ወደ ሰሌዳው ሰደደ፣ አነሣው፣ ቆመ። ኮሎኔሉ ከጀርባው በሩ ላይ ነበር። ቶንዲ ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ ሐምዲያን አየ። እሷ ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች። የሰውየው ከንፈር ነጣ። ዘወር ብሎ ለአለቃው ሰላምታ ሰጠ፣ ሰሌዳውንም በቦታው ሰቀለው፤ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሞተሩ ተነሣ።

ሐምዲያ ከግድግዳው ተጣብቃ ታያለች። ሌላ ቀን ዚንኩ ዝም የሚል ነው፤ አልፎ አልፎ አንዳንድ አረፋ ብቻ ይለቃል። ዛሬ ግን ይንተከተካል፣ ይጮሃል፣ አረፋው እስከ ገንዳው አፍ ይወጣል። በረታ ብላ ደስ አላት። ኮሎኔሉም ደስ ያለው መሰለ፣ ራሱን ነቀነቀ። ቶንዲ ግን ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ከገንዳው በትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ አንድ መድኃኒት ጠብ አደረገበትና በእሳት አሞቀው፤ አሲዱ ካለ መጥቆር አለበት፣ ያን ብዙ ጊዜ አይታዋለች። አልጠቆረም። እንደገና ቀዳ። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ሦስተኛ ቀዳ። ብልቃጡ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ቀረ። ሐምዲያ ምን እንደተበላሸ ባታውቅም መበላሸቱ ገብቷታል። በልቧ የምታውቃትን ዱዓ ሁሉ ትደጋግማለች። ያ ረቢ አጥቁረው፣ ያ ረቢ አጥቁረው።

ኮሎኔሉ ሰዓቱን አየ። ድምፁን ሳያነሣ ጥቂት ቃል ተናገረ፤ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ። አሰፋ በሹክሹክታ ነገራት፦ «ሞተሩ ለጣርማ በሩ ዋሻ ሥራ ይፈለጋል፣ ዛሬውኑ ይጫን ብሏል። አስካሪዎቹም ከመኪናው ጋር ይሄዳሉ።»

ቶንዲ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ለኮሎኔሉ ሰሌዳው አርጅቷል ብሎ ነገረው እንጂ ስሟን አላነሣም፤ ደግነት ይሁን፣ ጠራጊ የአራት ወር ሥራዬን በአመድ አጠበችው ማለት አሳፍሮት ይሁን፣ እሱ ያውቃል። አሁን ግን ጠየቃት፣ አሰፋም ተረጎመ፦ «ማን ነው ያዘዘሽ? ይላል።»

«እሱ ነዋ! ሁሉ ነገር ይጽዳ አላለም? እንግዳ ስለሚመጣ አጠብኩት። ምን አጠፋሁ?»

አሰፋ ለጣልያኑ ተረጎመ። ቶንዲ ሰማ፣ ስለ ባዜቃው በረጅሙ ተናገረ፣ አሰፋም አሳጥሮ ነገራት። የሠራችው ነገር ሲገባት ሐምዲያ ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች። አሰፋ ሊያነሣት ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ «ጎበዝ ነሽ» አላት።

«ወላሂ አላወቅኩም፣ ጋሼ አሰፋ! ወላሂ!»

«እንዲያ በይ። ለጠየቀሽ ሁሉ እንዲያው በይ።» ፊቱ ላይ ልትመታው የምትመኘው ዓይነት ፈገግታ ነበር።

«ስለ ባሌ ንገርልኝ! የባሌን ነገር ጠይቅልኝ!»

አሰፋ ጠየቀላት። ቶንዲ እጆቹን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ሳያያት መለሰ። «ዛሬ ኮሎኔሉ እኔን ራሴን አይሰማኝም ይላል።»

ከዚያ የሆነው ቶሎ ቶሎ ነው። ሞተሩ ተፈታ፣ በጋሪ ወጣ፣ አስካሪዎቹ በሩን ክፍት ትተው ተከተሉት። በዱላ ሲመለሱ የከረሙት ከብቶች የመጨረሻው ወታደር ጀርባውን ሳይሰጥ ተግተልትለው ገቡ፤ ሽቦውን ረግጠው ጣሉት፣ ሆራው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ጠጡ። የማጀቴው ሽማግሌ በእርጉዟ ላማቸው አንገት ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ። ጀይላን ሐምዲያን ከሩቅ አይቷት ሮጠ፤ ኩሩ ሰው ነው፣ ከሴት ፊት አልቅሶ አያውቅም፣ ያን ጊዜ ግን እያለቀሰ ሁለት እጇን ይዞ ሳመው።

«ያልኩሽን አደረግሽው! ወንድሜን ለኛ ብለሽ … እኔስ ምን ብዬ ልክፈልሽ?»

«አይደለም! ጋሼ ጀይላን፣ አይደለም፣ ይስሙኝ!» በደረቱ መካከል በቡጢ መታችው። ያንንም ኀዘን አደረገላትና ራሷን አቀፈ። የከብቱ ግሳት አፍ ለአፍ አያሰማም ነበር። አስለቀቀችውና ወደ ከተማው ሮጠች።

ወሬ ከሯጭ ይቀድማል። ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ስትደርስ ሰው በሁለት በኩል ተኮልኩሏል፤ ልብስ ሰፊው መኪናውን ትቶ፣ በርበሬ ሻጮቹ ሰፌዳቸውን ትተው ወጥተዋል። ያልተሸፈነው የጭነት መኪና ሞተሩን ጭኖ፣ ከሞተሩ ጎን አሥራ ሁለት እስረኞች በእግር ብረት ተቀምጠውበት፣ ፊቱን ወደ ጣርማ በር አዙሮ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ ይወስዷቸዋል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ወዲያ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እማ ሙሀባ በሶውን በጨርቅ ቋጥረው ከመኪናው ሥር ነበሩ፤ አንዱ እስረኛ ጎንበስ ብሎ ተቀበላቸው። ሐምዲያን ሲያዩ የእጇን አንጓ ያዟት።

ከሕዝቡ መካከል አንዱ ጮኸ። «ኢብሮ! ሚስትህ የጣልያኑን ሰሌዳ ገደለችው! ሆራው ተፈቷል፣ ከብቱ እየጠጣ ነው!»

ኢብሮ ብረቱን እየጎተተ ተነሣ። ከስቷል፤ አንገቱ ከሸሚዙ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ወጥቷል፣ በአንድ ወገን ጥርሱ የለም። ዓይኑ ሕዝቡን ፈልጎ ፈልጎ እሷ ላይ አረፈ።

«ሐምዲያ! እውነት ነው? አንቺ ነሽ?»

በመንገዱ ሙሉ ስትሮጥ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። ይቅር በለኝ ልትለው ነበር። ላስፈታህ ብዬ ነው፣ ሰሌዳውን ያጠብኩት ላንተ ብዬ ነው፣ እጄ ይቆረጥ ልትለው ነበር። አስካሪው ተሳፈረ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነሣ። ሌሎቹም እስረኞች አንገታቸውን አዙረው እሷን ያያሉ፤ በዚያ መኪና ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከእሷ አፍ የሚወጣውን ይጠብቃል።

«እኔ ነኝ!» አለች።

«ሆን ብለሽ?»

የእማ ሙሀባ ጣት አንጓዋን አጥብቆ ያዘ። ከሞተሩ ጋር የመጣው አሰፋ አጠገባቸው ቆሟል፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

«ሆን ብዬ!» ብላ ጮኸች፤ መኪናው እየተንቀሳቀሰ ስለነበር ደገመችለት። «ሆን ብዬ ነው፣ ኢብሮ!»

ኢብሮ ሳቀ። የጎደለ ጥርሱ እስኪታይ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ፤ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አነሣና «አልሐምዱሊላህ! በቃኝ! ከእንግዲህ የትም ይውሰዱኝ!» አለ። ከጎኑ ያለው እስረኛ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ ሌላው አላሁ አክበር አለ። መኪናው ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲይዝ እጁ እንደተነሣ ነበር፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ግን አልታየም።

ሐምዲያ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። እማ ሙሀባ አብረዋት ተቀመጡ። «ሆን ብለሽ ነው?» ሲሉ ጠየቋት፤ በሰባት ወር ውስጥ የጠየቋት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ሐምዲያ እያለቀሰች ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሴቶቹ እልል እያሉ ከገበያው በኩል ወደ እነሱ ይመጡ ነበር። አሮጊቷ ተነሡ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ የምራታቸውን ፊት ሸፈኑላት።